ሰባተኛው በር ድምፅ አለው

የኔታ ውበቱ ማረፋቸውን የነገሩኝ አከራዬ እትዬ ዘውዴ ናቸው። ከዳባት ተደውሎላቸው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሱቄ በር ላይ ቆሙና "ሰማሽ? ጎረቤትሽ ዐረፉ" አሉኝ። የአንድ ባለጉዳይ መታወቂያ ኮፒ እያደረግሁ ነበር። አላለቀስኩም። "ነፍስ ይማር" ብዬ ወረቀቱን ከማሽኑ አወጣሁ። እትዬ ዘውዴ ፊቴን ትንሽ ሲያዩ ቆዩና "አንቺስ ድንጋይ ነሽ" ብለውኝ ወደ ለቅሶው ሄዱ።

ድንጋይ አይደለሁም። ግን ሰው ስለሞተ ብቻ ደግ ነበር ሲባል ያንገሸግሸኛል። እኔ እሳቸውን እጠላቸው ነበር፤ እሳቸውም ይጠሉኝ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ተለያይተን፣ ከአንድ ቆጣሪ መብራት እየተጋራን፣ ተጠላልተን ኖርን። ዛሬ ለቀስተኛው ሁሉ "የዋህ ነበሩ" ይላል። የዋህ! እስቲ ከግድግዳው ማዶ ያለችውን ጠይቁ።

ሱቄ ደባርቅ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ፍርድ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ላሚኔት አደርጋለሁ። ደንበኞቼ ከጃናሞራና ከአዲ አርቃይ ለጉዳይ የሚመጡ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ይቸኩላል፣ ሁሉም መኪና ሊያመልጠው ነው። የቤቱ ግማሽ የእኔ፣ ግማሹ የየኔታ ጌም ቤት ነበር። አዎ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ጌም ቤት ነበራቸው። የከፈተው የእኅታቸው ልጅ ነው። እሳቸው በር ሊጠብቁ ነበር የመጡት፤ ልጁ አዲስ አበባ ሄዶ ሲቀር በሩም ቤቱም የሳቸው ሆነ።

"የኔታ" ያሏቸው ጌም ሊጫወቱ የሚመጡት ወጣቶች ናቸው። በጉብዝናቸው ጊዜ ቅኔ ቤት ነበሩ። ቅኔ ደግሞ በደረጃ ነው፤ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀመራል፣ እያለ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደረሳል። እሳቸው መወድስ ላይ ሲደርሱ ትተው ወጡ። ለምን እንደተዉት ለማንም አልተናገሩም። "ጀምሬ የተውኩት አንድ ነገር ይበቃኛል" ሲሉ ግን በግድግዳው ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

ያልተዉት ነገር እንግዲህ ጌም ነበር። ቤቱ ውስጥ ኳስ የሚጫወቱባቸው አዳዲስ ማሽኖች ነበሩ፤ እሳቸው እነሱን ዞር ብለውም አያዩም። የሳቸው ከጥግ የተቀመጠው አሮጌ አመድማ ማሽንና ጀርባው ያበጠ ቴሌቪዥን ነው። በዚያ የሚጫወቱት አንድ ጌም ብቻ ነበር፤ "ክፍል ሁለት" ይሉታል። ባለታሪኩ ነጭ፣ ከታች ደንደን ያለ፣ ከላይ የሾለ፣ ቦት ጫማ ያጠለቀ ፍጥረት ነው። የሠሩት ፈረንጆች ምን እንደሆነ ያውቁት ይሆናል። ነጭ ሽንኩርት እየሸጠ ልጅ የሚያስተምር የደባርቅ ሰው ግን ምን አጠራጠረው? "ነጭ ሽንኩርቱ" ተባለ፣ ጸደቀ።

ክፍል አንድ ሩጫና ዝላይ ብቻ ነው። ክፍል ሁለት ግን ስምንት በር አለው፣ እያንዳንዱም በር የራሱ ጨዋታ ነው። መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርቱ እንደ ድሮው ይሮጣል፣ ይዘላል። ሁለተኛው ላይ በድስት ክዳን ተቀምጦ በበረዶ ቁልቁል ይንሸራተታል። ሦስተኛው ውኃ ውስጥ ነው፤ ቀኝ ሲሉት ግራ ይሄዳል። አራተኛው ላይ አንዲት ያረጀች ዳክዬ ይጋልባል፤ ዝለል ያሉት እንደሆነ ከዳክዬዋ ወርዶ ይከሰከሳል። አምስተኛው ላይ ዓለም ይገለበጣል፣ በጣሪያ ይኬዳል። ስድስተኛው ላይ የሠርግ ወጥ ሠሪ ይሆናል፤ ራሱ ሽንኩርት ሆኖ በከበሮ ምት ሽንኩርት ድስት ውስጥ ይወረውራል። ሰባተኛው ጨለማ ነው። ስምንተኛውን ያየ ሰው አልነበረም። ጌሙ የደረሱበትን የሚያስታውስበት ካርድ ስለተበላሸ፣ ማሽኑ አንዴ ከጠፋ እንደገና ከአንድ ይጀመራል።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅሽ አትበሉኝ። ለእያንዳንዱ በር የተለየ ሙዚቃ አለው፣ ኮምፔንሳቶ ደግሞ ምስጢር አይጠብቅም። የቀረውን ወጣቶቹ ወረቀት ሊያስነሡ ሲመጡ ነግረውኛል።

ሱቁን በከፈትሁ ቀን ነው የተጣላነው። ኮፒ ማሽኔ ሲሞቅ ጉልበት ይስባል፤ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ የሳቸው አሮጌ ማሽን ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። የዚያን ቀን ማሽኑን ባበራሁ ቅጽበት ከማዶ ጩኸት ተሰማ። ወዲያው አንድ ረጅም ሽማግሌ፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ጆይስቲክ ከነገመዱ እያንጠለጠሉ በሬ ላይ ተገተሩ።

"ማነሽ አንቺ?"

"የሺ እባላለሁ። ምን ላድርግልዎ?"

"ስድስተኛው በር ላይ ነበርኩ! ከጧት ጀምሬ ስድስተኛው በር ላይ ነበርኩ!"

"ታዲያ ምን ላድርግ? መጥቼ በሩን ልክፈትልዎ?"

ባለጉዳዮቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ወይዘሮ ፎቶ ኮፒ ሆነ። ስሜን አንድ ቀን ጠርተው አያውቁም። እኔም ስሰድባቸው በአንቱታ ነው የምሰድባቸው፤ እናቴ ሽማግሌ አንተ እንዳልል አድርጋ ስላሳደገችኝ፣ "ሽማግሌ መሆንዎን እንኳ አላወቁም" እያልሁ ነበር የምመልስላቸው። እውነቱን ከተናገርን አንዳንድ ጊዜ የሚነሣ ወረቀት ሳይኖርም ማሽኑን አበራ ነበር። የስድስተኛው በር ከበሮ ሲጀምር ጠብቄ፣ ቁልፏን ጫን። ከማዶ "ኧረ የእግዚአብሔር ያለህ!" ሲሉ እሰማና ሥራዬን እቀጥላለሁ።

በመጨረሻ እትዬ ዘውዴ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። ሽማግሌዎቹ ስለ ድንበርና ስለ ፍቺ እንጂ ስለ ነጭ ሽንኩርት ሸምግለው አያውቁም። ግማሽ ቀን አዳምጠው እንዲህ ፈረዱ፦ ዓርብ ፍርድ ቤቱ ለምሳ የሚዘጋው ለሁለት ሰዓት ነው፤ ከአምስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ባለጉዳይም የለም። በዚያ ሰዓት እኔ ማሽኔን አላበራም። በሌላው ጊዜ እሳቸው አቤት አይሉም። ሁለታችንም ጉልበት ስመን ተስማማን፤ ሁለታችንም ከልባችን አልነበረም።

ዓርብ የየኔታ ቀን ሆነ። ወጣቶቹ ኳሳቸውን አቁመው ከኋላቸው ይቆማሉ። እሳቸው ይጫወታሉ፣ እየተጫወቱ ያስተምራሉ። እንዳሻ መጫወት የሚባል ነገር እሳቸው ዘንድ የለም። ክፍል ሁለትን የሚነካ ሁሉ አንዱን በር ሳይወድቅ አሥር ጊዜ ካላለፈ ቀጣዩን አያይም። ሀብታሙ የሚባል ባጃጅ ነጂ አለ፤ በኳሱ ጌም ደባርቅ ውስጥ የሚያክለው የለም። አንድ ቀን ዳክዬዋ ላይ ወጥቶ በልማዱ የዝላይ ቁልፍ ነካና ነጭ ሽንኩርቱን ገደል ከተተው። የኔታ ጆይስቲኩን ነጠቁት።

"ይቅርታ የኔታ፣ እጄ ለምዶብኝ ነው።"

"ልማድህን ነው የምጠላው! በአንዱ በር ያስገባህ እግር በሌላው አያስገባህም አላልኩህም? ጉባኤ ቃና የቻለ ሁሉ መወድስ የቻለ ይመስለዋል። ሂድ፣ ኳስህን ለጋ!"

ወር ሙሉ አላስነኩትም። ጎልማሳ ሰው ነው፣ ልጅ አለው፤ ሱቄ መጥቶ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ተቀመጠ። "እሳቸውን ተዋቸውና ሌላ ቦታ ተጫወት" አልሁት። "እንዴት ተደርጎ? የኔታ እኮ ናቸው" አለኝ። ይህ ነበር የሚያናድደኝ። ሰውየው ይቆጣል፣ ያዋርዳል፤ እነሱ ደግሞ ጫማውን ይስማሉ።

አሁን ወደ ሰባተኛው በር ልምጣ። ሰባተኛው በር ቴሌቪዥኑ ጥቁር ይሆናል፤ ምንም አይታይም። በድምፅ ነው የሚታለፈው። ከበሮ ሲመታ ማጎንበስ፣ ቀጭን ቃጭል ስትጮህ መዝለል ነው። እኔ ይህን በግድግዳው ብቻ ሰምቼ በሦስተኛው ዓርብ ገብቶኛል። የኔታ ግን ዓርብ መጥቶ ዓርብ ሲሄድ እዚያው ይወድቃሉ። ከበሮው ላይ በትክክል ያጎነብሳሉ፤ ቃጭሏ ላይ ዝም ብለው ቆመው ይሞታሉ።

አንድ ቀን ለወጣቶቹ ሲያስተምሩ ሰማኋቸው። "ሰባተኛው በር ጸጥታ ነው" አሉ፤ "ከበሮው አለፍ አለፍ ብሎ ይመታል፣ የቀረው ጸጥታ ነው። ጸጥታው ምንድን ነው? አንድም ትዕግሥት ነው። አንድም መቼ እንደሚዘለል በልብ ማወቅ ነው።" ይህን ሲተረጉሙ ቃጭሏ ከቴሌቪዥኑ ቅጭል ቅጭል እያለች ነበር። እኔ በግድግዳ ማዶ እሰማታለሁ። ሀብታሙም ሌሎቹም አጠገቧ ቆመው ይሰሟታል። "እውነት ነው የኔታ" አሉ ሁሉም።

የዚያን ጊዜ ገባኝ። ሰውየው ጆሯቸው እየደከመ ነው። ወፍራሙን ይሰማሉ፣ ቀጭኑን አይሰሙም፤ አለመስማታቸውን ደግሞ አያውቁም። ከጆሯቸው የጎደለውን ትርጓሜ ሰጥተውት ቁጭ አሉ። ወጣቶቹ ያውቃሉ፣ ግን ከየኔታ ፊት ቆሞ "ተሳስተዋል" የሚል አንደበት የላቸውም። ያለኝ እኔ ነበርኩ። እኔም ዝም አልኩ። በአክብሮት አይደለም፣ በክፋት ነው። ይውደቁ ብዬ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ፣ ዓርብ ዓርብ ምሳዬን እየበላሁ ሲወድቁ አዳመጥኋቸው።

ሀብታሙ አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የሺ፣ አንቺ ብትነግሪያቸውስ?" አለኝ።

"ለምን እኔ?"

"አንቺ እኮ ተጣልተሻቸዋል። ምን ይቀርብሻል?"

"ወዳጆቻቸው እናንተ ናችሁ፤ እናንተ ንገሯቸው" ብዬ አባረርሁት።

በመጨረሻ ከአፌ የወጣው በንዴት ነው። አንድ ማክሰኞ፣ ሱቄ ባለጉዳይ ሞልቶበት፣ የኔታ ጆይስቲካቸውን ይዘው ገቡ። ወጣቶቹ ተከትለዋቸዋል።

"ወይዘሮ ፎቶ ኮፒ፣ ነገሩ ገባኝ" አሉ፤ "ዓርብ ዓርብም የዚህ ማሽንሽ ጉርምርምታ ጆሮዬ ውስጥ ይቀራል። ሰባተኛው በር ጸጥታ ነው፤ ጸጥታዬን የምትሰርቂው አንቺ ነሽ። ይህ ሁሉ ዓመት የወደቅሁት ባንቺ ነው!"

የያዝሁትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጣልሁት።

"ሰባተኛው በር ድምፅ አለው!" አልሁ። "ቃጭል አለው! ደባርቅ በሙሉ ይሰማዋል፤ እርስዎ ነዎት የማይሰሙት! ጆሮዎ ሄዷል፣ እነዚህ ደግሞ ፈርተው ይዋሹዎታል!"

የኔታ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ዞሩ።

"ሀብታሙ፣ እውነት ነው?"

ሀብታሙ ጫማውን አየ። ሌሎቹም ጫማ ጫማቸውን አዩ። የኔታ ከዚያ በላይ አልጠየቁም፤ የጆይስቲኩ ገመድ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ከኋላቸው ወጣ።

ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። አራት ዓመት የፈለግሁት ይህንኑ አልነበረም? ግን አፈርሁ። ማፈሬ ደግሞ አናደደኝ፤ ጥፋተኛ እሳቸው ሆነው የማፍረው እኔ ነኝ ወይ አልሁ። ያ ዓርብ መጣ፤ ከማዶ ሙዚቃ የለም። ሁለተኛው ዓርብም የለም። ምሳዬን በጸጥታ በላሁ፣ አልጣፈጠኝም። በሦስተኛው ዓርብ አላስቻለኝም፤ በስቴፕለሩ ጀርባ ግድግዳውን ደበደብሁት።

"ምነው፣ ዛሬ ዓርብ አይደለም?"

"ምን አገባሽ?" አሉ ከማዶ።

"አገባኝም አላገባኝም ይጀምሩ። ቃጭሏ ስትጮህ እኔ ግድግዳውን እመታለሁ። ይኼ ወፍራም ነው፣ ይሰሙታል።"

ከማዶ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

"በምንድን ነው የምትመቺው?"

"በስቴፕለር።"

"እንግዲያው ጠንከር አድርጊው። የፈሪ ምት አልወድም።"

እንዲህ ሆነን ጀመርን። ሰላም ወረደ እንዳትሉኝ፤ አልወረደም። እኔ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ቃጭሏን እጠብቃለሁ፣ ስትጮህ ደግሞ እመታለሁ። ሲወድቁ "ዘገየሽ!" ይላሉ። "የዘገየው ጣትዎ ነው!" እላለሁ። "ከበሮ አልተማርሽም?" "እርስዎስ ተምረው የት ደረሱ?" ይቺን የመጨረሻዋን ባልተናገርኋት ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን "ከአንድ እንጀምራለን" አሉ። አምስት ዓርብ በዚህ አለቀ። ግድግዳው እኔ በመታሁበት በኩል ጎደጎደ።

በስድስተኛው ዓርብ ሰባተኛውን በር አለፉ።

ወጣቶቹ ሲጮኹ መንገደኛ ቆሞ አየ። ከዚያ አንድም ቀን ሰምቼው የማላውቅ ሙዚቃ ጀመረ። ስቴፕለሩን እንደያዝሁ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ የገዛ ጠላቴ ነገር እንዲህ ያደርገኛል ብሎ ማን ያምናል?

"ሀብታሙ! ምንድን ነው? ምን ይታያል?" አልሁ።

"ሁሉም አለበት!" አለ ሀብታሙ። "በረዶው አለ፣ ዳክዬዋ አለች፣ ግልብጡም አለ! ከሁሉም በር ትንሽ ትንሽ ነው!"

"መወድስ ነው" አሉ የኔታ። ድምፃቸው እንደዚያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም።

በዚህ መሐል አንድ አባት ሱቄ ገቡ። ከጃናሞራ የመጡ ናቸው፤ ዱላቸው በእጃቸው፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል።

"እንደምን ዋልሽ ልጄ። እባክሽ ይቺን ቶሎ አባዢልኝ። መኪናው ሊወጣ ነው።"

ሰዓቱን አየሁ። ሰባት ሰዓት ከሩብ ነው። ሕጉ ከእኔ ጋር ነው፤ ሽማግሌ የፈረደው ነው።

"ትንሽ ይቆዩ አባቴ።"

"ሰው እየተጫነ ነው ልጄ። ከሄደብኝ ማደሪያ የለኝም፤ የማውቀውም ሰው የለኝ።"

"ይቆዩ አልሁ እኮ!"

"በእመብርሃን ልጄ..." አሉ ሰውየው። ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል የደገኛ ድምፅ።

ከማዶ ሙዚቃው ቀጥ አለ። እኔ አልነካሁም፤ እጄ ስቴፕለሩ ላይ ነበር። የኔታ ውበቱ በሬ ላይ መጡ። ጆይስቲክ አልያዙም።

"ምን ሆነሽ ነው ሰው አቁመሽ የምታስለምኚ?"

"ምን አደረጉ? ስምንተኛው ላይ ነዎት እኮ!"

"ነበርኩ። አጥፍቼዋለሁ። አሁን ማሽንሽን አብሪ።"

"ለምን አጠፉት? ስድስት ዓርብ ሙሉ ግድግዳ የደበደብሁት ለምንድን ነው?"

"ለኔ ነጭ ሽንኩርት ብለሽ የሰው አባት ሜዳ ልታሳድሪ?" አሉኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። "እኔ ክፉ ሽማግሌ ነኝ፣ አውቃለሁ። አንቺ ግን በዚህ ዕድሜሽ እኔን ልትመስዪ ነው? አብሪው!"

አበራሁት። ውሳኔውን ኮፒ አደረግሁ። ሰውየው መርቀውን እየሮጡ ወደ መናኸሪያው ሄዱ። እንደዚያን ቀን የኔታን ጠልቻቸው አላውቅም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ደግ ነገር ላድርግላቸው ብነሣ በአደባባይ ሰደቡኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታ አልሰጠኋቸውም። በሚቀጥለው ዓርብ ስቴፕለሩን ይዤ ቁጭ አልሁ፤ እሳቸው "ጀመርን" ሳይሉ እንደማልመታ ቆርጫለሁ።

አላሉም። ታመው ኖሯል። እኅታቸው ከዳባት መጥታ ወሰደቻቸው። ዳባት ቅርብ ነው፤ ሚኒባስ ይዤ ጠይቄያቸው መምጣት እችል ነበር። አልሄድሁም። መጀመሪያ እሳቸው ይቅርታ ይበሉኝ አልሁ። ተሽሏቸው ይመለሳሉ፣ ከአንድ እንጀምራለን፣ እያልሁ ስጠብቅ እትዬ ዘውዴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ።

አሁን ጌም ቤቱን የያዘው ሀብታሙ ነው። አሮጌው ማሽን እዚያው ጥጉ ላይ አለ። እነሱ ቃጭሏን ይሰማሉ፤ ሰባተኛውን በር አልፈው ስምንተኛውን ቢጨርሱት ይችላሉ። "ጨርሱትና መጨረሻው ምን እንደሆነ ንገሩኝ እንጂ" ስለው "ከየኔታ ቀድመን?" አለኝ ሀብታሙ። ሰደብሁት። እሳቸው በሕይወት ሳሉ ያናድዱኝ የነበረው አነሰና፣ ሞተውም መጨረሻውን አስቀሩብኝ። ይህን ይቅር አልላቸውም።

እትዬ ዘውዴ ግድግዳውን ላድስልሽ ብለውኛል፤ የጎደጎደው ያስጠላል አሉ። እንዳይነኩት ነግሬያቸዋለሁ።

ዓርብ በምሳ ሰዓት ዛሬም ማሽኔን አላበራም። ፍርዱ አልተነሣም። ስቴፕለሩን አጠገቤ አድርጌ ምሳዬን እበላለሁ። አንዳንዴ አንዱ ባለጉዳይ መኪና ሊያመልጠው ሲል እየሮጠ ይገባና "እባክሽ" ይለኛል። "ይቆዩ" እላለሁ። ወዲያው የዚያ ሽማግሌ ቁጣ ጆሮዬ ላይ ይመጣብኛል፤ እየረገምኋቸው ተነሥቼ ማሽኑን አበራለሁ።